የሚያስቀምጥ መድኃኒት፡- ትናንት ለሕመም፣ ዛሬ ለመክሳት

በሙስሊሙ ታሪክ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ መድኃኒት ከተነገሩት ወሬዎች አንዱ ለአገራችን ቅርብ ከሆኑ እናት ጋር የተያያዘ ነው። አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ከባለቤታቸው ከጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ጋር ወደ ሐበሻ ተሰደው፣ በዚሁ ምድር ልጆች ወልደው፣ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (628 እ.ኤ.አ.) ወደ መዲና የተመለሱ ሶሃቢያ ናቸው። ቲርሚዚና ኢብን ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሆዳቸውን ለማላላት ምን እንደሚወስዱ ጠየቋቸው። ሹብሩም የሚባለውን ተክል መሆኑን ሲሰሙ ኃይለኛነቱን ጠቅሰው አልወደዱላቸውም። በኋላ በሰናመኪ ሲጠቀሙ ግን ሰናመኪን እጅግ አመሰገኑት።

የሐዲስ ሊቃውንት በሰነዱ ጥንካሬ ላይ ተነጋግረውበታል። ሆኖም ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ጥያቄው ሆድን ስለማላላት እንጂ ሰውነትን ስለማክሳት አልነበረም። ሁለተኛ፣ መድኃኒት ሁሉ እኩል አይደለም፤ የሚያይለውና የሚለዝበው ይለያያል።

ከዚያ በኋላ የተነሱት የሙስሊም ሐኪሞችም በዚሁ ጥንቃቄ ሄደዋል። ኢብን ሲና (980-1037) “አል-ቃኑን” በተባለው መጽሐፋቸው፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት ሐኪሙ የበሽተኛውን አቅም፣ ዕድሜ፣ ጠባይ፣ ወቅቱንና አገሩን እንዲመለከት አስተምረዋል። ኢብኑል ቀይም (1292-1350) ደግሞ የሕክምናን መሠረት በሦስት ከፍለውታል፤ ጤናን መጠበቅ፣ ከሚጎዳ ነገር መከልከል፣ በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመውን ጎጂ ነገር ማስወጣት። እንግዲህ የሚወጣው የሚጎዳው ነው። የሚጎዳ ነገር ከሌለ ምን ይወጣል?

በእኛም አገር ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚበላው ሰው የኮሶ ትል ሲያስቸግረው በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ ነበር። የኮሶን ምሬት የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል! ያለ ምክንያት የሚጠጣው አልነበረም። ምሬቱ ራሱ አጥር ነበር።

ይህ አጥር የፈረሰው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። በ1902 ዞልታን ቫሞሲ የተባለው የሃንጋሪ ሊቅ ፌኖልፍታሌን የተባለው ኬሚካል ሆድን እንደሚያስቀምጥ አስታወቀ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1906 ማክስ ኪስ የተባለ የመድኃኒት ቀማሚ በአሜሪካ ይህንኑ ኬሚካል ከቸኮሌት ጋር ደባልቆ “ኤክስ-ላክስ” በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። መራራው ጣፈጠ፤ ከሐኪም እጅ ወጥቶም ከረሜላ መሰለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፌኖልፍታሌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ የከለከለው በ1999 ነው። ምክንያቱም በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ ዕጢ እንደሚያስከትል መታየቱ ነበር። ከመቶ ዓመት ጥቂት የጎደለው ጊዜ ሰው ሲውጠው ኖሯል ማለት ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ እንዲህ ከቀለለ በኋላ ለሌላ ዓላማ መዋሉ አልቀረም። በ1979 ጀራልድ ራስል የተባሉት የለንደን ሐኪም “ቡሊሚያ ነርቮዛ” ብለው የሰየሙትን በሽታ ሲገልጹ፣ ታማሚዎቹ ውፍረትን በመፍራት ከበሉ በኋላ እንደሚያስመልሱ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንደሚወስዱ ጽፈዋል።

ለመሆኑ ያከሳል? በ1983 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ በጥቂት ሴቶች ላይ መረመረ። መድኃኒቱ ከ4 እስከ 6 ሊትር ተቅማጥ አስወጣ። ሰውነት ከምግቡ ሳይወስደው የቀረው ኃይል ግን 12 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የምግቡ ጉልበት በአብዛኛው ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት ነው። ሰናመኪና መሰሎቹ ደግሞ የሚሠሩት በትልቁ አንጀት ላይ ነው። መድኃኒቱ ሥራውን ሲጀምር እንጀራው አስቀድሞ ደም ሆኗል። በሚዛን ላይ የቀነሰው ውኃ ነው፤ ውኃውም ሲጠጣ ይመለሳል።

የማይመለሰውስ ምንድን ነው? ከውኃው ጋር ሶዲየምና ፖታሲየም የተባሉት ጨዎች ይወጣሉ። ልብ በሥርዓት የምትመታው በፖታሲየም ሚዛን ነው። ይህ ሲጓደል ጡንቻ ይዝላል፣ ሰው ራሱን ይስታል፣ የልብ ምት ይዛባል፤ እስከ ሞትም ያደርሳል። ውኃ ለረጅም ጊዜ ሲያንስ ኩላሊት ይጎዳል። አንጀትም ልምዱን ይዞ ያለ መድኃኒት አልሠራም ይላል። መጠኑ ከአንድ ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አሥር ይወጣል። በድንገት ሲያቆሙት ደግሞ ሰውነት ውኃ ይዞ ያብጣል፤ ያቺ ምስኪንም ወፈርኩ ብላ እንደገና ትመለስበታለች።

ውድ አንባብያን! ዛሬ “ማቅጠኛ ሻይ” እየተባሉ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጣቸው ሰናመኪ ነው። “ተፈጥሯዊ ነው፣ በሐዲስም የተመሰገነ ነው” ቢባል መልሱ ይህ ነው፤ የተመሰገነው ለቦታው ነው። ማር መድኃኒት ነው ተብሎ ስኳር በሽታ ላለበት በጣሳ አይሰጥም።

ወላጆችም አንድ አደራ አለብን። ልጃችን ከምግብ በኋላ መታጠቢያ ቤት ብታዘወትር፣ ባዶ የክኒን መጠቅለያ ብናገኝ፣ ብትዝልና ብታዞራት፣ ቁጣና ስድብ አናስቀድም። ይህ ቅብጠት ሳይሆን ሕመም ሊሆን ይችላል። በርኅራኄ ጠይቀን ወደ ሐኪም እንውሰዳት፤ ደሟም ይመርመር። “ወፍረሻል፣ ማን ያገባሻል” የሚለውን ቀልድም ከቤታችን እናውጣ። ብዙ ጊዜ በሽታው የሚጀምረው ከዚህ ነውና።

ውፍረት ያስቸገረው ሰው መንገዱ ረጅም ቢሆንም የታወቀ ነው። በልኩ መብላት፣ ከሆድ ለትንፋሽም ቦታ መተው፣ በእግር መሄድ፣ ሐኪም ማማከር። አካላችን አማና ነው። አላህ (ሱ.ወ) አማናችንን ጠባቂዎች ያድርገን። አሚን።