የአንገት ቆራጩ ስም

ዳንግላ ገበያ መሐል ቆማችሁ «ደመላሽ!» ብላችሁ ብትጣሩ ዞር የሚል ሰው አይጠፋም። አንዱ በርበሬ ነጋዴ፣ ሌላው አስተማሪ ሊሆን ይችላል። በስሙ የሚደነግጥም የለም። ስሙ ግን «ደም መላሽ» ማለት ነው፤ የወገኑን ደም የሚመልስ፣ ገዳይን የሚገድል። ሰው የሞተበት ቤት ወንድ ልጅ ሲወለድለት ተስፋውን በስም ይቋጥራል። ቃሉ ከሥርዓታችን የወጣ እንጂ የቁጣ ፈጠራ ብቻ አይደለም።

በቀድሞው ፍርዳችን ነፍሰ ገዳይ ሞት ሲፈረድበት ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር። ዳኛው ይፈርዳል፤ የሚገድለው ግን ባለ ደሙ ነው፤ ያውም ሟቹ በተገደለበት ዓይነት መሣሪያ። ስለዚህ በአገራችን ደመወዝ እየበላ አንገት የሚቆርጥ ባለሙያ እምብዛም አላስፈለገም። ባለ ደሙ ቤት አለው፣ ጎረቤት አለው። ሽማግሌ ይለምነዋል፣ ቄስ መስቀል ይዞ ይማጸነዋል። ካሳ ተቀብሎ ደሙን ካደረቀ ገዳዩ ይተርፋል። መግደል የሚችለው ሰው ይቅር ማለትም ይችል ነበር።

በቤተ መንግሥት ትእዛዝ የሚገድለውስ ምን ይባል? በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሄሮድስ የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ እንዲያመጣ የላከውን ሰው «ባለ ወግ» ይለዋል። ወግ ማለት ሥርዓት ነው፤ ክብርም ነው። ሰይፉ በአንድ ቃል ካባ ለበሰ ማለት ነው!

ፈረንጆቹም ለዚህ ሥራ ስም አላጡለትም። የፓሪሱ ሰያፊ ማዕረጉ «ሙሴ ደ ፓሪ» ነበር፤ «የፓሪሱ ጌታዬ» እንደ ማለት። የለንደኑ ጃክ ኬች እ.ኤ.አ. በ1686 ሲሞት ስሙ ከተተኪዎቹ ጋር ቀረ፤ ማንም ሰቃይ ጃክ ኬች ተባለ። ከእርሱ በፊት የነበረው የደሪክ ስም ደግሞ አስቀድሞ ለመስቀያው፣ ኋላም ለዕቃ ማንሻ ክሬን ተረፈ።

እኛ ዘንድ «ሰቀለ» ሲረባ «ሰቃይ» ይሆናል። ከ«ሥቃይ» ጋር ሥሩ ባይገናኝም ጆሮ አይለየውም። ጎጃሜው አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይም መጋቢት 21 ቀን 1953 በተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተሰቀሉ። የሁለቱን ስም ሕዝብ ይዞታል፤ ገመዱን ያጠበቀውን ሰው ግን የሚያነሳው የለም። ገዳዩ ከባለ ደምነት ወደ መንግሥት ሠራተኛነት ሲዞር ስሙም አብሮት ሄደ።

ከዚያ የባሰው ደርግ ሲመጣ ታየ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ስድሳ ያህል ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ቤት ተረሸኑ። በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር ወቅት ደግሞ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደ» የሚለው ቃል ከሬዲዮ እስከ ቀበሌ ነገሠ። የኢሕአፓ ገዳይ ቡድን በበኩሉ «ስኳድ» ይባል ነበር። ቀበሌና አብዮት ጠባቂ ያለ ክስና ያለ ፍርድ መግደል ሲፈቀድላቸው ፈቃዱ «ነፃ እርምጃ» ተባለ። ነፃነት የሚለውን ቃል ምን አደረጉት? ልብ ብላችሁ ስሙት፤ በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገዳይ የለም፣ ሟችም የለም። እርምጃ ብቻ አለ፤ እርሱም ተወሰደ። እናት የልጇን ሬሳ መንገድ ዳር ስታገኝ ማንን ትጠይቅ? ሽማግሌስ ወደ ማን ደጅ ይሂድ?

በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን የሞት ቅጣት በአደባባይም በስቅላትም እንዳይፈጸም ከልክሎ አፈጻጸሙን ለማረሚያ ቤት ኃላፊዎች ትቷል። ገመዱ ቀርቷል፤ ቅጣቱ ግን ከሕጉ አልወጣም።

የደም መመለስን ልማድ ላወድስ አይደለም፤ ስንት ቤት አፍርሷል። የዛሬው የዳንግላ ደመላሽም የሰው ደም ሳያፈስ ልጆቹን ቢያሳድግ ደስ ይለናል። ሆኖም አንድ ነገር አለው፤ ሲጠሩት «አቤት» ይላል። «እርምጃ!» ብላችሁ ብትጣሩ ግን ማን አቤት ይላችኋል?