የሰው ወርቅ

ለዓመታት እንቅልፍ አጥታችሁ የተማራችሁትን ቋንቋ አንድ ቀን «ጊዜው አልፎበታል» ቢሏችሁ ምን ይሰማችኋል? የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ማለታችን ነው። በቪዥዋል ቤዚክ 6 ፊደል ለቆጠርን ለእኛ ይሄ ጥያቄ ሳይሆን የደረሰብን ነገር ነው።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1964 ይጀምራል። በአሜሪካው ዳርትማዝ ኮሌጅ ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ የሳይንስ ተማሪ ያልሆነም ሰው ኮምፒውተር ማዘዝ እንዲችል ብለው ቤዚክን ፈጠሩ። በ1991 ማይክሮሶፍት በተኑንና ሳጥኑን በማውስ እየጎተቱ የሚሠሩበትን ቪዥዋል ቤዚክ አወጣ። በ1998 ስድስተኛው መጣ። የሒሳብ ሠራተኛውም የንብረት ክፍሉም ፕሮግራመር ሆነ። እንከን አልነበረውም አንልም። በተኖቹ ዩኒኮድ ስለማያሳዩ አማርኛ ለመጻፍ በላቲን ፊደል ቦታ ግዕዝ የተሳለበት ፎንት መጫን ነበረብን (ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው የሚወጣውን ጉድ አታንሱብን)። ቢሆንም ወደድነው።

በ2002 ቪዥዋል ቤዚክ ዶት ኔት መጣ። ስሙ ያው፣ ሰውየው ሌላ። የድሮው ኮድ እንዳለ አይሄድበትም፤ መቀየሪያው የጀመረውን በእጅ መጨረስ ግድ ነበር። በ2005 ዋናው ድጋፍ ሲያበቃ ማይክሮሶፍት ራሱ የሸለማቸው ባለሙያዎች ሳይቀሩ አቤቱታ ፈረሙ። ኩባንያው ግን ፍንክች አላለም። በአፕሪል 2008 የተራዘመው ድጋፍም ተዘጋ። በ2020 ደግሞ ተተኪው ዶት ኔትም እንደ ቋንቋ ከእንግዲህ እንደማያድግ ተነገረ።

«አርጅቶ ነው» እንዳትሉን። ኮቦል የተወለደው በ1959 ነው። በ2020 ግን የኒው ጀርሲ ገዥ የሥራ አጥ ክፍያ ሲስተማቸው ሲጨናነቅ ኮቦል የሚያውቅ ሰው ያለህ ብለው ተጣርተዋል። ልዩነቱ ዕድሜ ሳይሆን ባለቤትነት ነው። ኮቦል የጋራ ስታንዳርድ አለው፤ አንዱ ኩባንያ ቢተወው ሌላው ይይዘዋል። የቪቢ 6 ምንጩ ግን አንድ ቤት ውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ ባለቤቱ ፊቱን ሲያዞር የሚረከበው አልተገኘም። በእሱ የተሠሩ ፕሮግራሞች ዛሬም ዊንዶውስ 11 ላይ ይሠራሉ። ሞተ እንዳንል ይንቀሳቀሳል፣ አለ እንዳንል አያድግም።

እና ዛሬ የምትወዱት ቋንቋ «እየሞተ ነው» ሲባል ስትሰሙ ልባችሁ ከመደንገጡ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ባለቤቱ ቢተወው ማን ያነሣዋል? መልስ ካለው ተኙ። ከሌለው ሁለተኛ ቋንቋ መማር ጀምሩ፤ ሉፑም ኮንዲሽኑም አብሯችሁ ይሻገራል። እኛም የተሻገርነው እሱን ይዘን ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ አባቶች። እውነት ነው። ግን አንዋሽም፤ ለጥቂት ዓመታት አድምቆን ነበር።