ባሕረ ሐሳብና የአሕዛብ ቍጥር

በየዓመቱ በዓላትንና አጽዋማትን ለማወጅ ካህኑ የሚያወጣው ሒሳብ በብዙ አሕዛብ እጅ ያለፈ ጥበብ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውለውም። ስለዚህ አስቀድመን ሒሳቡን እንመልከት።

2018 ዓመተ ምሕረትን ለምሳሌ እንውሰድ። 5500 ዓመተ ፍዳ ሲጨመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ስንተው ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩን በ11 አብዝተን በ30 ብንገድፍ አበቅቴ 12፣ በ19 አብዝተን በ30 ብንገድፍ መጥቅዕ 18 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ዘወትር 30 ስለሆኑ፣ የሚቈጥር ሰው ስሕተቱን በዚህ ይመረምራል። መጥቅዑ ከ14 በላይ ነውና በመስከረም 18 ይውላል፤ ዕለቱም እሑድ ስለሆነ 7 ተውሳክ ተጨምሮ መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል። እንግዲህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን፣ ከዚያም 69 ቀን ተቈጥሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ነው።

በ19 መግደፍ ስለ ምን አስፈለገ? 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ባቢሎናውያን በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ 13ኛ ወር እየጨመሩ ዘመናቸውን ያስተካክሉ ነበር። በ432 ዓመት ቅድመ ልደት ሜቶን የተባለ ሰው ይህንኑ ዐውድ በአቴና አስታወቀ። የእስክንድርያም ሊቃውንት ለፋሲካ ቍጥር መሠረት አደረጉት፤ አባቶቻችንም የባሕረ ሐሳብን ድርሰት ለ12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጡታል።

የግዕዝ አኃዝም ከግሪክ ፊደላት የመጣ ነው። ዜሮ ስለሌለው 7518 ሲጻፍ ፸፭፻፲፰ ይባላል፤ የመቶውን ማዕርግ የሚያስታውቀው ራሱ ፻ ነው። ዜሮን እንደ ቍጥር ቈጥሮ ሥርዐቱን የጻፈው ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ ሲሆን፣ ይህም በ628 ዓመተ እግዚእ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ከዚያ በኋላ አል-ኽዋሪዝሚ በባግዳድ የሕንድን ቍጥር አስተማረ፤ የፒሳው ሌዎናርዶ ደግሞ በ1202 በላቲን መጽሐፉ ለአውሮፓ አስፋፋው።

ከእነዚህ ሁለቱ አስቀድሞ ግን፣ በ662፣ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር ከነበረው ከቀንሽሬ ገዳም የወጣ ሳዊሮስ ሰቦክት የተባለ ሶርያዊ ኤጲስ ቆጶስ የሕንዳውያንን ቍጥር በጽሑፉ አመስግኗል። ግሪክኛ ስለ ተናገሩ ብቻ ጥበብን ሁሉ የፈጸሙ የሚመስላቸውን ሰዎች ነቅፎ፣ ሕንዳውያን በ9 ምልክት ብቻ የሚያስደንቅ ሒሳብ እንደሚሠሩ መሰከረ። ይህ መነኵሴ ከሩቅ ሕዝብ የመጣውን ዕውቀት ባዕድ ነው ብሎ አልናቀም።

ለእኛም ትምህርቱ ይህ ነው። ባሕረ ሐሳብ ከባቢሎን ጀምሮ የተቀበልነው ነው ማለት አባቶቻችንን አያሳንስም፤ ተቀብለው በግዕዝ አደላድለው ጠብቀዋልና። የሚያሳንሰው፣ የታተመውን የቀን መቍጠሪያ ተማምኖ ሒሳቡን መተው ነው። ዕለቱን ብቻ የሚያነብ ስሕተት ቢታተም አያውቅም፤ ወንበሩን፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን የሚያወጣ ግን ሊያርመው ይችላል። ስለዚህ መምህራን ለደቀ መዛሙርት ውጤቱን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ያስተምሩ።