ውዝፍ ከየት ይቈጠራል?

መንግሥት ከግምጃ ቤቱ አውጥቶ ለሰው የሚሰጠው ገንዘብ ሁሉ አንድ ዐይነት መስሎ ይታያል። ነገር ግን አንዱ ችሮታ ነው፤ ሌላው ዕዳ ነው። ችሮታ በሰጪው ፈቃድ የሚሆን ስለ ሆነ ቢሰጥ ያስመሰግናል፥ ቢዘገይም አያስከስስም። ዕዳ ግን የተወለደበት ቀን አለው። ሕግ «ይገባዋል» ብሎ የወሰነለት ድኩም ሰው ገንዘቡን ሳያገኝ ያለፈው ሳምንት ሁሉ በመንግሥት ላይ ይቈጠራል፤ ይኸውም ውዝፍ ይባላል። የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት በእንግሊዝ አገር ከ2011 እስከ 2021 የሆነውን መመልከት ይበቃናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የእንግሊዝ መንግሥት በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት ለማይችሉ ሰዎች የሥራ ዐቅም ማጣት አበል ይከፍል ነበር። በ2008 ይህን የሚተካ «የሥራና የመደገፊያ አበል» የሚባል አዲስ ሥርዓት አቆመ፤ ከ2011 ጀምሮም የቀድሞዎቹን ተቀባዮች መዝገብ በመላ አገሩ እየመረመረ ወደ አዲሱ ያዛውር ጀመር። አዲሱ አበል ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው ሰው በሥራ ላይ ሳለ ገንዘብ በማዋጣቱ የሚያገኘው መብት ነው። ሁለተኛው ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ ሲሆን፥ ጉዳቱ ለጸናበት የሚጨመር ልዩ ድጎማም በውስጡ ነበረ። ለሁለቱም ክፍሎች የሚበቃ ብዙ ሰው ነበር።

ስሕተቱ የገባው በዚህ ላይ ነው። የሥራና የጡረታ ሚኒስቴር ጸሐፊዎች መዝገቡን ሲያዛውሩ፥ የብዙውን ሰው መዋጮ ብቻ አይተው አንደኛውን ክፍል ሰጡት፤ ገቢው ምን ያህል እንደ ሆነ ግን ሳይጠይቁት ቀሩ። ባለ ጉዳዩም መብት እንዳለው ስላላወቀ አልጠየቀም። በ2017 ጽኑ ጉዳት ኖሮበት ብቻውን ለሚኖር ሰው ሊሰጥ የሚችለው ጭማሪ በሳምንት 62 ፓውንድ ከ45 ፔንስ ነበር። አንዲት ጥያቄ በመጕደልዋ ይህን የሚያህል ገንዘብ በየሳምንቱ ከድኩማን ቤት ቀረ።

የአገሩ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በማርች 2018 ባወጣው መግለጫ እንዳስረዳው፥ ሚኒስቴሩ ስሕተት መኖሩን ያወቀው በ2013 ነው። በ2014ም ጸሐፊዎቹ እንዲጠነቀቁ መመሪያ አስተላልፎ ነበር። ሆኖም መመሪያው ወደ ፊት የሚመጣውን እንጂ የተዘጋውን መዝገብ አልነካም። ያለፈውን የማረም ግዴታ እንዳለበት የተቀበለው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው በ2017 ነው። በመግለጫው እንደ ተመለከተው የተጐዱት ሰዎች በግምት 70,000 ያህል ነበሩ፤ የያንዳንዱም ውዝፍ በአማካይ 5,000 ፓውንድ ይደርስ ነበር፤ እስከ 20,000 የሚገባቸውም ነበሩ።

መዝገቦቹ ሲከፈቱ ግን ዋናው ክርክር «ስንት ይከፈል?» ሳይሆን «ከየት ይቈጠር?» የሚል ሆነ። በ1998 የወጣ ሕግ፥ አንድ መሥሪያ ቤት ሕግን የተረጐመበት መንገድ ስሕተት ነው ተብሎ ሲፈረድ፥ ውዝፉ ከፍርዱ ቀን ወደ ኋላ እንዳይሄድ ይከለክላል። እንዲህ ያለ ፍርድ ኦክቶበር 21 ቀን 2014 ተሰጥቶ ስለ ነበረ፥ ሚኒስቴሩ ከዚያ ቀን በፊት ያለውን አልከፍልም አለ። በዚህ ዐይነት በ2011 የተበደለ ሰው ሦስት ዓመት ያህል ሊቀርበት ሆነ። የሕፃናትን ድኽነት ለመከላከል የተቋቋመ አንድ ማኅበር ግን፥ ይህ የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ስሕተት ነው እንጂ የሕግ ትርጓሜ ጉዳይ አይደለም፤ ስለዚህ ሰውየው ከተዛወረበት ቀን ጀምሮ ሊከፈለው ይገባል ብሎ ከሰሰ። ጁላይ 18 ቀን 2018 ሚኒስትሯ ኤስተር ማክቬይ ውዝፉ ከተዛወሩበት ቀን ጀምሮ እንደሚከፈል ለምክር ቤት አስታወቁ።

ምርመራው እስከ 2021 ቀጠለ፤ 600,000 ያህል መዝገብ ተገልጦ፥ ከ100,000 ለሚበልጡ ሰዎች ከ600 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተከፈለ። የተጐዱት ከመጀመሪያው ግምት በዙ፤ ገንዘቡ ሳይደርሳቸው የሞቱም ነበሩ። ደግሞም ሁለተኛውን ክፍል የሚያገኝ ሰው የጥርስ ሕክምና በነጻ፥ ልጆቹም የትምህርት ቤት ምሳ በነጻ የማግኘት መብት ነበራቸው። ያለፈው ምሳ በውዝፍ አይበላም፤ ያለ እሳት ያለፈ ክረምትም ተመልሶ አይሞቅም። ስለዚህ በጃንዩዋሪ 2022 የሕዝብን አቤቱታ የሚመረምረው ባለ ሥልጣን፥ ውዝፍ ብቻ ከፍሎ ለደረሰው ጉዳት ካሣ የመጠየቂያ መንገድ መንፈጉ ፍትሕ ማጕደል ነው ሲል ገለጸ።

እኛ በመዝገብ ላይ የተሾምን የመንግሥት ሠራተኞች ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ቁም ነገር አለ። ስሕተት በማንኛውም መሥሪያ ቤት ይደርሳል፤ ሸክሙ የሚከብደው ታውቆ ሲታለፍ ነው። አበው «ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለመዝገብ ቤትም ይሠራል። በ2014 በወጣው መመሪያ ላይ «የተዘጉትም መዝገቦች ይከፈቱ» የሚል አንድ መስመር ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ፥ ዕዳው ሦስት ዓመት ቀድሞ በቆመ ነበር።