የሐዋላ ነገር፤ ከጠገራ ብር እስከ ዛሬ



እንደሚታወቀው ዛሬ እድር የሰፈር ሰው ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ከልጆቻችን አንዱ ዋሽንግተን፣ ሌላው ዱባይ፣ ሌላው ቴል አቪቭ ነው ያለው። እናት ወይም አባት ሲያርፉ ድንኳን የሚተክለውና ንፍሮ የሚቀቅለው ጎረቤት ይሁን እንጂ ለለቅሶውም ሆነ ለተዝካሩ የሚሆነው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከባሕር ማዶ ይመጣል። ችግሩም የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ልጅ «200 ዶላር ልኬአለሁ» ይላል። ተቀባዩ ደግሞ «እጄ የገባው ይኸን ያህል ነው» ይላል። የጎደለው የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ስለማይኖር በሐዘን ላይ ሐሜት ይጨመራል። እኅትና ወንድም ይኳረፋል፤ አንዳንዴም ያላጠፋ ገንዘብ ያዥ ይታማል።

ነገር ግን ላኪውም ተቀባዩም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ገንዘቡን የወሰደው መንገዱ ነው። ይህ መንገድ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ያወቀ ሰው ደግሞ ገንዘቡ የት የት ላይ እንደሚቆረስ ለማወቅ አይቸገርም።

ጠገራ በበቅሎ ሲጓዝ

የኦስትሪያዋ የማርያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበትና እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ1780 ዓመተ ምሕረት ቁጥር የያዘው ጠገራ ብር ባገራችን ገበያ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሯል። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። እንግዲህ 1,000 ጠገራ 28 ኪሎ፣ 10,000 ጠገራ ደግሞ 280 ኪሎ መሆኑ ነው። ይህንን ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ለማምጣት በቅሎ፣ ጫኝና ጠባቂ ያስፈልግ ነበር። በየኬላውም የሚከፈል አለ። በዚያ ዘመን የሐዋላ ክፍያ ማለት ይኸው ነበር፤ በዓይን የሚታይ፣ በጣት የሚቆጠር ወጪ።

ከዚህ ሌላ ግን በዓይን የማይታይ ወጪም ነበረ። ጠገራው የሚከበረው በውስጡ ባለው የብር ማዕድን ነው። የማዕድኑ ዋጋ ለንደን ገበያ ላይ ሲወድቅ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ በፓውንድ ወይም በፍራንክ ለሚያስመጣው ዕቃ ከትናንቱ የበለጠ ጠገራ መቁጠር ነበረበት። ማንም «ክፍያ» ብሎ አልጠየቀውም፤ ነገር ግን ከኪሱ ወጥቷል። አባቶቻችን ለበቅሎው ኪራይ ሲከራከሩ ትልቁ ጉድለት ባልተከራከሩበት በኩል ይሄድ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1898 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመረቁት አቢሲንያ ባንክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመ ነው። (የዛሬው አቢሲንያ ባንክ ሞክሼው ነው እንጂ እሱ አይደለም።) ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ጎሬ፣ ጋምቤላና ጅቡቲ ድረስ ቅርንጫፍ ወይም ወኪል ነበረው። ባንክ ያመጣው ትልቁ ነገር ገንዘቡ ራሱ ከቦታው ሳይነሣ ዋጋው እንዲሻገር ማድረጉ ነው። አንዱ ቦታ ተቀብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ቦታ ያለው ወረቀቱን አይቶ ይከፍላል። ሐዋላ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሆኖ ትርጉሙም ማዛወር ነው። በቅሎዋ ቀረች፤ በምትኳ ኮሚሲዮን መጣ። ይህ ባንክ በ1923 ዓ.ም. ተዘግቶ በኢትዮጵያ ባንክ ሲተካ የሥራው ጠባይ አልተለወጠም።

ከሽልንግ እስከ 2 ብር ከ7 ሳንቲም

ከጠላት ወረራ በኋላ ለጥቂት ዓመታት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ባገራችን ይሠራበት እንደነበረ ታላላቆቻችን ያወሱታል። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ 1 ብር በ2 ሽልንግ ተመነዘረ። 50 ሳንቲሟ ከ1 ሽልንግ ጋር እኩል ሆነች። እስከ ዛሬ 50 ሳንቲምን «ሽልንግ» የምንላት በዚሁ ምክንያት ነው። ስሙን የተወልን የምንዛሪ ሒሳብ ነው ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ 1 የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ48 ሳንቲም ያህል ነበር። የመንግሥት ባንክ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሥራቸውን በጀመሩበት በ1956 ዓ.ም. 2 ብር ከ50 ሆነ። አሜሪካ የዶላሯን ዋጋ ሁለት ጊዜ ዝቅ ስታደርግ የእኛ ብር በአንጻሩ ጠነከረና በ1964 ዓ.ም. 2 ብር ከ30፣ በ1965 ዓ.ም. 2 ብር ከ7 ሳንቲም ገባ። ባንኮች በ1967 ዓ.ም. ሲወረሱም፣ ጦርነትና ረኀብ ሲመጣም፣ ይኸው 2 ብር ከ7 ሳንቲም ንቅንቅ ሳይል እስከ መስከረም 1985 ዓ.ም. ቆየና ያን ጊዜ ባንዴ 5 ብር ሆነ።

ታዲያ በመካከሉ በነበሩት ዓመታት ዘመዱን ሊረዳ ዶላር በባንክ የላከ ሰው ምን ደረሰበት? የሐዋላው ክፍያ ያን ያህል የሚያስጮህ አልነበረም። ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ዓመታት በጥቁር ገበያ አንድ ዶላር ከባንኩ ዋጋ እጥፍና ከዚያም በላይ ይመነዘር ነበር። ስለዚህ በባንክ የሄደው ሰው ትልቁን ዋጋ የከፈለው በኮሚሲዮን ሳይሆን በምንዛሪው ነው። በደረሰኙ ላይ አንድም ቦታ «ቀነስንብህ» የሚል ጽሑፍ የለበትም።

ይህ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። እስከ 2016 ዓ.ም. ክረምት ድረስ ባንክ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲከፍል በጥቁር ገበያ እጥፍ ያህል ይሰጥበት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በዚያው ዕለት ወደ 74 ብር ወጣ፤ ወር ሳይሞላም ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት ባንክ ገብቶ የተመነዘረና ከዚያ ቀን በኋላ የተመነዘረ 200 ዶላር፣ ክፍያው አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ፣ ተዝካር ላይ አንድ ዓይነት አይደለም።

ሦስቱ ቆራሾች

አሁን ወደ ዛሬው አሠራር እንምጣ። ዌስተርን ዩኒየን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1871 በቴሌግራም ገንዘብ ማስተላለፍ ጀመረ። ባንኮችም ለብዙ ዘመን በቴሌግራም፣ በኋላም በቴሌክስ ሲላላኩ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 የ15 አገሮች 239 ባንኮች ተሰብስበው ስዊፍት የሚባለውን የመልእክት ማኅበር በብራሰልስ መሠረቱ፤ ሥራውም በ1977 ተጀመረ። ብዙ ሰው ስዊፍት ገንዘብ የሚጭን ይመስለዋል፤ አይደለም። የሚያደርሰው መልእክት ብቻ ነው፤ «ከኔ ሒሳብ ቀንስና ለእገሌ ስጥ» የሚል ወረቀት ማለት ነው። ላኪው ባንክና ተቀባዩ ባንክ በቀጥታ የማይተዋወቁ ከሆነ ሁለቱም ሒሳብ ያላቸው ሦስተኛ ባንክ መካከል ይገባል። እሱም ለድካሙ ይቆርሳል።

እንግዲህ ቆራሾቹ ሦስት ናቸው። 1ኛ፤ ላኪው ባንክ የሚያስከፍለው። 2ኛ፤ መካከል ያለውና ተቀባዩ ባንክ የሚቀንሱት። 3ኛ፤ ዶላሩ ወደ ብር ሲለወጥ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል የሚቀረው። በባንክ ቅጽ ላይ «አወር» የተባለው ምልክት ሲመረጥ የመንገዱን ክፍያ ሁሉ ላኪው ይችላል፤ «ቤን» ሲሆን ሁሉም ከተቀባዩ ላይ ይቀነሳል፤ «ሻ» ሲሆን ይካፈሉታል። ልጆቻችን ይህን ሳያዩ ይፈርማሉ።

ለምሳሌ ያህል በሒሳብ እንየው። ላኪው 200 ዶላር ለመላክ ለባንኩ 30 ዶላር ከፈለ እንበል። የመካከሉ ባንክ 15፣ ተቀባዩ ባንክ 5 ዶላር ቢቀንሱ 180 ዶላር ይቀራል። ሲመነዘር ከመቶው 3 ቢጎድል የ174 ዶላር ከ60 ሳንቲም ዋጋ ይደርሳል። ከላኪው ኪስ የወጣው ግን 230 ዶላር ነው። 55 ዶላር ከ40 ሳንቲም መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ሰው ያጉረመረመው ግን በ30ው ብቻ ነው።

ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅቶች ደግሞ አንዳንዴ «ያለ ክፍያ» ብለው ያስተዋውቃሉ። ክፍያው በሦስተኛው በር፣ ማለት በምንዛሪው ሊገባ እንደሚችል ከጠገራው ታሪክ አይተናል። ያለ ፈቃድ በእጅ የሚሠራው ሐዋላስ? የተሻለ ምንዛሪ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ በመተማመን መሥራቱም ከእድር ጋር ያመሳስለዋል። ነገር ግን በሕግ የተከለከለ ነው፤ እድር የሚጠየቅበት ጉባኤ ሲኖረው ያኛው ገንዘቡ ቢጠፋ ለማን አቤት እንደሚባል አይታወቅም።

ክፍያ በሕግ ሲገራ

ይህ ሁሉ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ሰው ያወጣውን ሰው ያሻሽለዋል። የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው ደንብ ከሐምሌ 1 ቀን 2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እስከ 12,500 ዩሮ የሚደርስ ገንዘብ ከአንዱ አባል አገር ወደ ሌላው በዩሮ ሲላክ ክፍያው እዚያው አገር ውስጥ ከሚላከው እንዳይበልጥ ተደረገ። ባንኮቹም አልወደቁም። አሜሪካ ከጥቅምት 28 ቀን 2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ መሠረት ላኪው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ክፍያውን፣ ምንዛሪውንና ተቀባዩ እጅ የሚደርሰውን ገንዘብ እንዲያውቅ ተደንግጓል። ከከፈለም በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ መሰረዝ ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ እዚያው አሜሪካ በ2025 በወጣ ሕግ፣ ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ በጥሬ ገንዘብና በመሳሰለው ተከፍሎ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ግብር ተጥሏል፤ ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ የሚላከውን አይነካም።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ባጸደቀው ግብ ይህ ወጪ እስከ 2030 ድረስ ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ተስማምቷል። በ2024 ግን እንደ ዓለም ባንክ ጥናት 200 ዶላር ለመላክ በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ ይወጣ ነበር፤ ከሰሐራ በታች ወዳለው አፍሪካ ሲሆን ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ድሃ የሚልከው ትንሽ ትንሽ ስለሆነ ብዙ የሚከፍለውም እሱ ነው።

ለእድራችን ምን ይበጃል?

አንደኛ፤ ለልጆቻችን «ክፍያው ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ በሏቸው። ጥያቄው «ከኪሴ ይህን ያህል ሲወጣ እናቴ እጅ ስንት ብር ይገባል?» መሆን አለበት። ሦስቱም ቆራሾች በዚህ አንድ ጥያቄ ይጋለጣሉ።

ሁለተኛ፤ ከውጭ የመጣ ገንዘብ በመዝገባችን ሲጻፍ የደረሰው ብር ብቻ ሳይሆን የተላከው የውጭ ገንዘብ፣ ቀኑና የዕለቱ ምንዛሪ አብሮ ይጻፍ፤ ደረሰኙም ይያያዝ። ያን ጊዜ ጉድለቱ ባለቤት ይኖረዋል፤ ገንዘብ ያዣችንም ከሐሜት ይድናል።

ሦስተኛ፤ ከላይ ባየነው ምሳሌ ከ55ቱ ዶላር 50ው የገንዘቡ መጠን ቢያድግም የማይለወጥ ነው። አሥር ልጆች እያንዳንዳቸው 200 ዶላር ለየብቻ ቢልኩ 554 ዶላር ይጎድላል። እዚያው ተሰብስበው 2,000ውን ባንድ ጊዜ ቢልኩ ግን የሚጎድለው 109 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። ከ440 ዶላር በላይ ይተርፋል ማለት ነው፤ ያውም ባንኩን ሳይለምኑ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት እኛ እዚህ በድንኳንና በወንበር እንፈጽመዋለን። ልጆቻችን ደግሞ ባሉበት ከተማ ተጠራርተው በሐዋላ ይፈጽሙት። ጠቅላላ ጉባኤውም በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አሳብ አይቶ ቢወስንበት መልካም ነው እላለሁ።