ነፋስን ስለ ተቃረነች ሳንቃ

በሸራ የሚሄድ ሁሉ፣ ታላቅ መርከብም ቢሆን ታናሽ ታንኳም ቢሆን፣ ነፋሱ ወደሚነዳበት ወገን መሄድን ከማንም ሳይማር ያውቀዋል፤ በኩሬ ላይ የወደቀ ቅጠል እንኳ ይህን ያደርጋልና። ጥበብ የምትጀምረው ሰው ፊቱን ወደ ነፋሱ መነሻ መልሶ «ወደዚያ ልሂድ» ባለበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የባሕርን ጉዞ ታሪክ ሊጽፍ የሚነሣ ሰው፣ ስለ ሸራው ስፋትና ስለ ደቀሉ ቁመት ከመናገሩ አስቀድሞ ከውኃው በታች ተሰውሮ ስላለው ክፍል ቢጠይቅ ወደ ምሥጢሩ ቶሎ ይደርሳል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ እንዲህ ነው። እርጥብ የዱባ ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዘው ቢጨምቁት፣ ጣቶቹ ከግራና ከቀኝ ይጫኑታል እንጂ ከኋላ የሚገፋው ሳይኖር ወደ ፊት ተፈናጥሮ ይወጣል። ሸራው አንደኛው ጣት ነው፤ በውኃው ውስጥ የቆመው ጠፍጣፋ አካል ሁለተኛው ጣት ነው፤ ሐመሯም በሁለቱ መካከል ተጨምቃ ወደ ፊት የምታመልጥ ፍሬ ናት። ሁለተኛው ጣት የጎደለ እንደ ሆነ ሸራው ሐመሯን ወደ ጎን ከመግፋት በቀር የሚያደርግላት ነገር የለም። ይህም ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ፊት ለፊት በቀጥታ ወደ ነፋሱ መሄድ ለማንም አልተቻለም፤ ኖትያዊው ዳገት እንደሚወጣ በቅሎ ነጂ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ወደ ግራ እየተጠማዘዘ፣ በየመታጠፊያው ጥቂት ጥቂት እያተረፈ ይወጣዋል እንጂ።

የጥንት ሰዎች ይህን ዳገት ምን ያህል ይፈሩት እንደ ነበር ለእኛ ቅርብ የሆነው ቀይ ባሕር ይመሰክራል። በሰሜናዊው እኩሌታው ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፤ ከአዱሊስ የዝሆን ጥርስ ጭነው ወደ ግብፅ የሚመለሱት መርከቦችም ይህን ነፋስ በግንባራቸው ይቀበሉት ነበር። ጰጥሎሜዎስ 2ኛ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የቤሬኒቄን ወደብ በሩቅ ደቡብ ያቆመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነጋዴው ዕቃውን እዚያ አራግፎ፣ በግመል ጭኖ፣ 12 ቀን ያህል በረሓ አቋርጦ በዓባይ ዳር ወዳለችው ወደ ኮፕቶስ መድረስን ከነፋሱ ጋር ከመታገል ይመርጥ ነበርና። በሐዋርያት ሥራ 27ኛው ምዕራፍ ቅዱስ ጳውሎስ የተሳፈረባት የእስክንድርያ መርከብም በቀርጤስ አጠገብ ነፋሱን መቋቋም በተሳናት ጊዜ መርከበኞቹ ለነፋሱ ከመልቀቅ በቀር ምርጫ እንዳልነበራቸው ምእመናን ሁሉ ያነብቡታል። ዛሬ ግን በሳፋጋና በዳሃብ፣ በዚያው በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ያንኑ የሰሜን ነፋስ ፈልገው ከአውሮፓ ድረስ የሚመጡ የዊንድሰርፊንግ፣ ማለትም በሳንቃ ላይ ቆሞ በሸራ የመሄድ፣ ወዳጆች አሉ። በሁለቱ ዘመናት መካከል የሆነው ነገር ነው ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቁኝ በደቡብ አሜሪካ፣ ዛሬ ኤኳዶር በሚባለው አገር ጠረፍ የኖሩት ነባር ሕዝቦች ናቸው። ባልሳ ከሚባለው ቀላል ዛፍ ግንዶችን በገመድ አስረው ሸራ ይሰቅሉባቸው ነበር፤ በግንዶቹም መካከል ጓራ የሚባሉ ረጃጅም ሳንቃዎችን ወደ ውኃው ያወርዱ ነበር። የፊተኛውን ጓራ ጠለቅ ሲያደርጉት የታንኳው አፍንጫ ወደ ነፋሱ ይዞራል፤ የኋለኛውን ሲያጠልቁት ከነፋሱ ይሸሻል፤ እንዲህ አድርገው ያለ መቅዘፊያ በወደዱት አቅጣጫ ይሄዱ ነበር። ሆርኼ ኽዋንና አንቶኒዮ ደ ኡሎኣ የተባሉት የእስፓኝ መኮንኖች በ18ኛው መቶ ዓመት በጉያኪል ይህን አይተው ጽፈዋል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እንኳ በ1947 እ.ኤ.አ. በኮንቲኪ ታንኳው ሰላማዊውን ውቅያኖስ ሲያቋርጥ የጓራውን ሙሉ ጥቅም ገና አልተረዳውም ነበር፤ በ1953 በኤኳዶር ጠረፍ ሲፈትነው ግን የግንድ ታንኳ ወደ ነፋስ መውጣት እንደሚችል በዓይኑ አየ። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ይመላለሱ የነበሩት ሆላንዳውያንም በበኩላቸው በመርከባቸው ግራና ቀኝ የሚወርዱና የሚነሡ ሰፋፊ ሳንቃዎችን ሰቅለው «ሰይፎች» ብለው ጠሯቸው። ስሙ ለግብሩ የሚስማማ ስለ ሆነ፣ ከዚህ በኋላ በስንጥቅ ወደ ውኃ የሚወርደውን፣ ዳገርቦርድ የተባለውን ዕቃ እኔም ሰይፍ እያልሁ እጠራዋለሁ።

አንድ ሰው በሳንቃ ላይ ቆሞ ሸራውን በእጁ ይዞ መሄዱ በማን እንደ ተጀመረ ብዙ ክርክር ተደርጎበታል። በእንግሊዝ አገር በሄይሊንግ ደሴት ፒተር ቺልቨርስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ በ1958 እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ ተጫወተበት፤ በፔንሲልቬንያ ኒውማን ዳርቢ በ1964 ሌላ ዓይነት ሠራ፤ በካሊፎርኒያ ደግሞ ጂም ድሬክ የተባለው የአውሮፕላን መሐንዲስና ወዳጁ ሆይል ሽዋይትዘር በ1968 የፈጠራ መብት ጠይቀው በ1970 ተፈቀደላቸው። በኋላ በ1980ዎቹ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የልጁን ሥራ ቀዳሚነት ተቀብሎ የካሊፎርኒያውያኑን መብት በዚያ አገር ሻረው። የሙግቱን ዝርዝር ለሕግ ዐዋቂዎች እተወዋለሁ፤ ለእኛ ነገር የሚጠቅመው የድሬክ አሳብ ነው። ድሬክ ደቀሉን በሳንቃው ላይ ቸንክሮ አላቆመውም፤ ወደ ሁሉም አቅጣጫ በሚተጣጠፍ መጋጠሚያ አያያዘው፤ ከዚህም የተነሣ ሸራውን ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው ሳንቃውን ከነፋሱ ያርቃል፣ ወደ ኋላ ያዘነበለም ወደ ነፋሱ ያዞራል። የጉያኪል ሰዎች ከውኃው በታች ያለውን እያንቀሳቀሱ ያደረጉትን፣ እርሱ ከውኃው በላይ ያለውን እያንቀሳቀሰ አደረገው፤ መቅዘፊያም በሁለቱም ዘንድ አልነበረም።

«ዊንድሰርፈር» የተባለችው ያች የመጀመሪያይቱ ሳንቃ 3 ሜትር ተኩል የምታልፍና 27 ኪሎ ያህል የምትመዝን ነበረች፤ በመካከሏም ባለ ስንጥቅ ሰይፏን ታወርድ ነበር። ነፋሱ ለስላሳ ሲሆን በትሕትና ትታዘዛለች፤ ወደ ነፋሱም በደኅና ትወጣለች። ነፋሱ በበረታና ፍጥነቷ በጨመረ ጊዜ ግን ሰይፉ ራሱ እንደ ክንፍ ሆኖ ሳንቃይቱን ከሥር ያነሣትና በጠርዟ አቁሞ ይገለብጣታል። ስለዚህ በብርቱ ነፋስ የሚሄዱ ሰዎች ሰይፉን ከስንጥቁ መዝዘው፣ በማንገቻው በክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ይበርሩ ነበር፤ ወደ ነፋሱ መመለስ ሲያስፈልጋቸው መልሰው ይሰኩታል። በዚያ ዘመን በሞገድ መካከል የሚታየው ሰው በሁለት እጁ ሸራ፣ በክርኑ ደግሞ እርጥብ የእንጨት ሰይፍ ተሸክሞ ነበር ማለት ነው።

በሃዋይ፣ በኦአሁ ደሴት በካይሉዋ የነበሩት ወጣቶች ይህን ሸክም አልታገሡትም። ከእነርሱ መካከል ሮቢ ናይሽ በ1976 በባሃማ ገና በ13 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ነው፤ ላሪ ስታንሊና ማይክ ሆርጋን ደግሞ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሳንቃው ላይ የእግር ጠፍር አሰሩ። እግር በጠፍር ከተያዘ ወዲያ ሳንቃዋን ከሞገድ ጫፍ ወደ አየር ይዞ መዝለል ተቻለ፤ መዝለል ከተቻለ ወዲያም ሳንቃዋ ባጠረችና በቀለለች ቁጥር ደስታው በረታ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰው ቆሞባት ሳትሄድ ብትቀር የምትሰጥም ታናሽ ሳንቃ መጣች፤ ባለቤቷም ውኃ ውስጥ ተንጋልሎ ሸራውን ለነፋሱ ሰጥቶ፣ ነፋሱ እስኪያነሣው መጠበቅን ተማረ። በዚህ መካከል ከእንዲህ ያሉት ታናናሽ ሳንቃዎች ሰይፉ ጠፋ። ከኋላ በኩል የዓሣ ክንፍ የምትመስል አንዲት ፊን ብቻ ቀረች፤ እርሷም ከሥሯ አየር ሲገባባት ውኃውን ለቅቃ ጅራቱን በድንገት ወደ ጎን ትከዳ ነበር። በ1980ዎቹ የፊኑ ቅርጽ ደጋግሞ ተለወጠ፣ ክዳቱም እየቀነሰ ሄደ።

ብዙዎች ይህን ታሪክ የድል ታሪክ አድርገው ይናገሩታል፤ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ነጋዴውን ወደ በረሓ ያስገባው ያ ዳገት አልጠፋም፤ ሰይፉ ሲሸከመው የነበረው ሥራ ወደ ሰውየው እግር፣ ወገብና ዓይን ተዛወረ እንጂ።

ይህን ለማየት በማዊ ደሴት በፓያ አጠገብ ካለው ሆኦኪፓ የሚሻል ስፍራ አላውቅም። ሰሜን ምሥራቃዊው የንግድ ነፋስ ወደ ባሕሩ ለሚመለከት ሰው ከቀኝ ይመጣል። ሞገድ ጋልቦ የመጣ ሰው በእያንዳንዱ ግልቢያ ጥቂት ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ያለውም ብዙ ደቀልና ብዙ ሸራ የሰባበረ ዐለት ነው። ከዚያ ለመራቅ ያጣውን መሬት መልሶ ማትረፍ አለበት፤ ያለውም ሁለት ሜትር ተኩል የማትሞላ ሳንቃና ከስንዝር ብዙ የማትረዝም ፊን ነው።

ያልለመደ ሰው አፍንጫዋን ወዲያው ወደ ነፋሱ ያዞርና በኋለኛው እግሩ ፊኗን ወደ ጎን ይገፋታል፤ እርሷም ከውኃው ትነቀላለች፣ ሳንቃዋ ትቆማለች፣ ነፋሱና ሞገዱ ተባብረው ወደ ዐለቱ ይወስዱታል። የለመደው ግን አስቀድሞ ከነፋሱ ጥቂት ይርቃል፤ ፍጥነት ይሰበስባል፤ ሳንቃዋ በውኃው ገጽ ላይ ተነሥታ ስትንሸራተት ብቻ ቀስ እያለ ወደ ነፋሱ ይወጣል። ክብደቱን በወገቡ መታጠቂያ በኩል በሸራው ላይ ይጥላል፣ የፊተኛ እጁን ይዘረጋል፣ አገጩን በፊተኛው ትከሻው ላይ አድርጎ ወደሚሄድበት ይመለከታል፤ በተረከዙም ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ጠርዝ በጥቂቱ ይጫናል፤ ያን ጊዜ የሳንቃዋ ጠርዝ በርዝመቱ ሁሉ የጠፋውን ሰይፍ ሥራ ይሠራለታል። ነፋሱ ሲበረታ ይወጣል፤ ሲደክም ይመለሳል፤ በሁለት ሞገድ መካከል ያለውን ጸጥ ያለ ውኃ ለመውጣት ያውለዋል፤ ነጭ አረፋ ሲመጣበት ደግሞ አፍንጫዋን ለቆ በፍጥነት ይሻገረዋል። ሲመለስም ከኋላው የሚያነሣውን ማዕበል ኃይል ተውሶ በግድግዳው ላይ ወደ ነፋሱ አግድም ይሄዳል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሁለት፣ ሦስትና አራት ፊን ያላቸው ሳንቃዎች በሞገድ ላይ ተለመዱ፤ ፊኖቹ አጠሩ፣ ሳንቃዋ ለመታጠፍ ቀለለች፤ ጠርዟን በእግሩ መስማት የማያውቅ ሰው ግን ከቀድሞው ይልቅ ተቸገረ።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲጠነክር በአሸዋው ላይ የሚሄዱ ሰዎች ይታያሉ፤ መሬቱን በውኃ ላይ ማትረፍ የተሳናቸው ናቸው። ሳንቃዋን በራሳቸው ላይ፣ ሸራውን በትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ደቀሉን ወደ ነፋሱ መልሰው ይዘውታል፤ እንዲህ ካልያዙት ነፋሱ ከሥር ገብቶ ከነሸክማቸው ያዞራቸዋልና። እንዲህ ሲይዙት ግን ሸራው ራሱ ጥቂት ከፍ ይልና ሸክሙን ያቀልላቸዋል፤ ቀስ ብለውም እየረገጡ ወደ ላይኛው ዳር ይወጣሉ፣ ከዚያም እንደ ገና ውኃ ይገባሉ።