ቆማ የምትደርቅ ታንኳ

ከደሴ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ በመጀመሪያ የሚያየው የሎጎን ሐይቅ ነው። ታናሹ አርዲቦ ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል ስለ ተቀመጠ፣ እርሱን ለማየት ሽቅብ መውጣት ግድ ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ከባንክ መስኮት ኋላ ለምውል ለእኔ ግን ዳገቱ ራሱ ዕረፍት ነው።

በአንድ እሑድ በአርዲቦ ዳር ያገኘኋት ታንኳ ውኃ ላይ አልነበረችም። ዛፍ ተደግፋ፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አቅንታ ቆማለች፤ ከሥሯ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ባለቤቷ፣ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ፣ ከሆዷ ላይ አረንጓዴውን ልጋግ በመዳፋቸው ይጠርጋሉ፤ የላላውን ገመድ ያጠብቃሉ፤ የጠቆረውን የፊላ አገዳ እየመዘዙ ይጥላሉ። ጀንበር እያዘቀዘቀች ነበርና፣ «ጋሼ፣ ለነገ ቢያድርስ?» አልኋቸው።

«ዛሬ ካልቆመች ነገ እኔን አትችለኝም፣ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የሐይቅን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ያች የቆመች ታንኳ በዓይኔ ትመጣለች። ታሪካችን ተሻጋሪውን ይመዘግባል፤ ታንኳውን ማን እንዳደረቀው ግን አይነግረንም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሲገቡ፣ ዛሬ በእግር የሚገባበት ገዳም በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደቀ መዝሙር ሆነው የተቀመጡት በዚያ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያበረከቱት ባለሥዕል የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍም በ1280 እ.ኤ.አ. ገደማ የተዘጋጀ ነው። ብራና ደግሞ የውኃ ጠላት ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጨማደዳል። በደሴቱ የነበረው ብራና ሁሉ ወይ ተጽፎ፣ ወይ ተፍቆ፣ ወይም በሕይወት ሳለ፣ በፍየልነቱ፣ ያንን ውኃ ተሻግሯል። ውኃ የጠጣች ታንኳ ጠልቃ ነው የምትሄደው፤ የተሳፋሪዋ እግርና የያዘው ጥቅል አብረው ይርሳሉ። እንግዲያውስ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ በስተኋላ በዚያች ዕለት በሚገባ የደረቀች ታንኳ ነበረች ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም መነኮሳቱ ከውኃ ዳር ሣር በተሠራ ታንኳ እንደሚሻገሩ ጽፏል። ከእርሱ በኋላ፣ በ1531 ገደማ፣ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ከሐይቁ ዳር ሲሰፍር መሻገሪያ ማዘጋጀት ነበረበት። መነኮሳቱ ሀብታቸውን አስረክበው ቤተ ክርስቲያኑን አተረፉ።

የታንኳን ገላ መጠበቅ በመጽሐፍ ቅዱስም ቦታ አለው። የሙሴ እናት ሕፃኑን በዓባይ ዳር ከማስቀመጧ በፊት የደንገሉን ሣጥን ዝፍትና ቅጥራን ቀብታዋለች። የእኛዋ ታንኳ ግን ቅጥራን አታውቅም፤ ቅጥራኗ ፀሐይ ናት። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 ከጣና በታጨደ ደንገል «ራ» የተባለውን ጀልባ አሠርቶ ከሞሮኮ ሲነሣ፣ ሊቃውንቱ በሁለት ሳምንት ይበሰብሳል ብለውት ነበር። ጀልባው ሁለት ወር ገደማ በአትላንቲክ ላይ ቆይቶ ነው የፈራረሰው፤ በማግሥቱ ዓመት የተሠራው «ራ ሁለት» በ57 ቀናት ባርቤዶስ ገባ። ይህን ጀብዱ አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ጀልባ አንድ ጊዜ ቢደርስ ይበቃዋል። የአርዲቦዋ ታንኳ ነገም፣ ከነገ ወዲያም መሄድ አለባት።

ዛሬ በሎጎ ዳር የፋይበርግላስ መዝናኛ ጀልባ አይጠፋም። አይበሰብስምና እንክብካቤ የማያሻው ይመስላል። ስሙን ልተወውና፣ በአንድ ስፍራ አንድ ወጣት የጀልባውን ሆድ በአሸዋና በዱቄት ሳሙና ሲፈትግ አይቻለሁ። ነጭ አድርጎታል፤ ሆኖም የጀልባው ውጫዊ ሽፋን ስስ ነው፤ አሸዋ ይጭረዋል፤ በጭረቱም ውስጥ ልጋጉ ተመልሶ ሥር ይሰዳል። ለእንዲህ ያለው ገላ ለስላሳ ስፖንጅ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ከፀሐይም የሚጋርደው ሰም ይበቃዋል። ከጭረቱ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን አረፋው ነው፤ ነፋስ እየገፋው ወደ ሐይቁ መሐል ይሄድ ነበር። ሎጎ በዓይን የሚታይ መውጫ የለውም። ከአርዲቦ የሚወርደው ውኃ ወደ እርሱ ይገባል፤ ከሎጎ ግን የሚፈስ ወንዝ የለም። እዚያ የታጠበ ሳሙና ወዴት ይሄዳል? ጀልባውን ወደ የብስ ስቦ፣ ከዳሩ ርቆ ማጠብ የግማሽ ሰዓት ድካም ነበር።

ሽማግሌው በመዳፋቸው የጠረጉትን ልጋግ ወደ ውኃው አልመለሱትም፤ ከዛፉ ሥር ነው ያራገፉት። ከዚያም ጀርባዋ እንዲደርቅ ታንኳዋን አዞሯት፤ እኔም በአንድ ጎኗ ይዤ አገዝኋቸው። እርጥብ ስለ ነበረች እጅግ ትከብድ ነበር።